በሩ ወደ ሰሜን

ፌብሩዋሪ 23፣ እሑድ

ነፋስ ከደቡብ፣ ለስላሳ። ሰማዩ ጠርቷል። ከባሕሩ ማዶ ያሉት ተራሮች ከነበረዷቸው ይታያሉ።

ይህ ደብተር የነፋስና የባሕር ሙላት መዝገብ ነው። ሌላ ነገር አልጽፍበትም ብዬ ነው የጀመርኩት፤ እስከ ዛሬም ቃሌን ጠብቄአለሁ። ዛሬ ግን የሚጻፍ አለ። ባሕሩ በጨረቃዋ ሙላት ወጥቶ ከገደሉ አፍ ትልቅ ቁራጭ መሬት ይዞ ወረደ። ድንቼ ከነትልሙ ሄዷል። የአጥሩ ሽቦ ምሰሶዎቹን እንዳንጠለጠለ አየር ላይ ቀርቷል። ከቤቱ ማእዘን እስከ ገደሉ ባለው ቦታ አሁን አንድ ጥማድ በሬ ማዞር አይቻልም።

ባለቤቴ ዶራሊሳ ምን ያህል ወሰደ ብላ ጠየቀችኝ። መስኮቱ ላይ ቆማ ነበር፤ ከዚያ ሆኖ ሁሉም ይታያል። ትንሽ ነው አልኳት።

ቁርስ ላይ አንድ ሲኒ ሰበረች። የሲኒው ጆሮ ድሮም መጥፎ ነበር።

ፌብሩዋሪ 26

ነፋስ ከምዕራብ። ዝናብ፣ ቆም እያለ።

የማዘጋጃ ቤት ሰዎች በጀልባ መጡ። የምትናገረው ወጣት ሴት ናት፣ ቦት ጫማዋ አዲስ። ከኮረብታው በላይ መንገዱ ዳር አዳዲስ ቤቶች እየተሠሩ ነው፣ ግድግዳቸው ነጭ፣ መብራት ያላቸው፣ አንዱ ለእናንተ ይሰጣችኋል አለች። ጥሩ ልጅ ናት፤ ጭቃዋን በር ላይ ጠርጋ ነው የገባችው። አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም አልኳት። ለምን አለች። ቤት አለኝ አልኳት።

«ቤትዎ እኮ ክረምቱን አይወጣም፣ ዶን ቤሊሳሪዮ።»

«እንግዲያው ቤቴን ይዤ እሄዳለሁ።»

ወደ ጀልባው ስትወርድ ለነጂው «ሽማግሌው ድንጋይ ነው» ስትል ሰማሁ። ጆሮዬ ደህና ነው።

ቤቱን የሠራሁት በእጄ ነው፤ ምክንያቱ ግን እሱ አይደለም። የሠራ እጅ ሌላም ይሠራል። ዶራሊሳ ከመኝታ ክፍሉ ማድቤት፣ ከማድቤት እንጨቱ ጋ ስትሄድ መዳፏን ከግድግዳው አታነሣም። የቱ ጣውላ ላይ ቋጠሮ እንዳለ፣ የቱ ጋ ወለሉ ዝቅ እንደሚል ታውቃለች። ልማድ ነው። ሰው በስተርጅና ልማዱን አይቀይርም። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ማርች 3

ነፋስ ከደቡብ ምሥራቅ። ደረቅ።

ከሰዓት በኋላ በሬዲዮው የመልእክት ሰዓት እንዲህ ተነበበ፦ «ለዶን ቤሊሳሪዮ ካርካሞ፣ ከልጅዎ ከኖልፋ። የዓይን ሐኪሙ ቀጠሮ ሐሙስ ነው። እናቴን በረቡዕ ጀልባ ይላኩልኝ። ጠብ አያስፈልግም።»

ደሴቱ በሙሉ ሰማ። በዚያ ሰዓት የማቴ ሻዩን ይዞ ሬዲዮ ሥር የማይቀመጥ ሰው የለም። ማን እንደሞተ፣ የማን ላም እንደወለደች፣ ማን በየትኛው ጀልባ እንደሚመጣ የሚታወቀው በዚያ ነው። አሁን ደግሞ የእኛ ዓይን። እኔ ተናደድኩ። ዶራሊሳ ሳቀች። «የመጨረሻዋን ቃል ደጋግሞ ቢያነባት ጥሩ ነበር» አለች።

መነጽር ያዙላታል። ያልቃል።

ማርች 8

ነፋስ የለም። ጭጋግ።

ተመለሱ። መነጽር የለም። ኖልፋ ከእንጨት ማከማቻው ጀርባ ወስዳ ሐኪሙ ያለውን ነገረችኝ። ሐኪሙ ወጣት መሰለኝ፤ ወጣቶች ይቸኩላሉ። ካስትሮ ከተማ፣ እሷ ቤት እንድንገባ ትፈልጋለች።

«አባባ፣ እዚያ ገደል የለም። እኔ አለሁ።»

«እዚያ እናትሽ የጨው ዕቃውን በምን ታገኘዋለች?»

አየችኝ። ከዚያ አለቀሰች። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ክፉ ቃል አልተናገርኩም። ስትሄድ የፖም መጨመቂያውን ከረጢት አሸከምኳት። ባዶ ነበር፤ ለምን እንዳሸከምኳት አላውቅም፤ የምሰጣት ነገር ፈልጌ ነው።

ይህን ደብተር ድሮ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ነበር የማስቀምጠው፣ ዶራሊሳ እንዳታነበው። ሰሞኑን ጠረጴዛው ላይ እረሳዋለሁ።

ማርች 12

ነፋስ ከሰሜን፣ ደከም ያለ። ዝናብ።

ቤቱ ተጎትቶ የሚሄድበት ቦታ ተወስኗል። ከላይ፣ ፖም ዛፎቹ አጠገብ ያለው ሜዳ። መሬቱ ጠንካራ ነው፣ ባሕሩ እስከ ልጅ ልጆቼ ልጆች ዘመን እዚያ አይደርስም። አንድ ችግር አለ። አሁን በሩ ወደ ሰሜን ነው፤ ኮረብታው ስለሚከልለው አይጎዳም። ላይኛው ሜዳ ግን ለሰሜን ደረቱን የሰጠ ነው፤ ሰሜን ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ የሚወረውርብን አቅጣጫ ነው። ውሃ በበሩ ሥር ይገባል። ስለዚህ ቤቱ ሲደርስ ሩብ ዙር ይዞራል፦ በሩ ወደ ባሕር፣ አሁን ወደ ምሥራቅ የሚያየው የማድቤቱ መስኮት ወደ ደቡብ።

በእንጨት ቁራጭ ትንሽ ቤት ሠርቼ ጠረጴዛው ላይ አዞርኩላት። በጣቶቿ ዳሰሰችው፤ በሩን አገኘች፣ መስኮቱን አገኘች።

«የጠዋት ፀሐይ ካልገባ ማድቤቱ ጨለማ አይሆንም?»

ጨለማ ከእርጥበት ይሻላል አልኳት።

ድንቿን መላጥ ቀጠለች። ያልኩት ነገር የገባኝ እንጨት ልፈልጥ ከወጣሁ በኋላ ነው። ተመልሼ ምን እላለሁ? የነፋሱ ነገር እንደሆነ እውነት ነው።

ማርች 15

ነፋስ ከደቡብ።

የእንጨት ቤት እንዳለ ግንድ ላይ ተጭኖ በበሬ የሚጎተተው በደቦ ነው፤ ሌላ መንገድ የለም። ደቦ የሚጠራው ደግሞ ባለቤቱ ቤት ለቤት ዞሮ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ በገዛ አፉ ለምኖ ነው። ከሁሉ በፊት የኤራስሞ ናዌልኪን በር መንኳኳት አለበት። በደሴቱ ላይ እንደ እሱ ዓይነት በሬዎች ያለው የለም፤ እሱ ካልመራ ሌላው ቀንበሩን አያነሣም።

ኤራስሞ የኖልፋ የክርስትና አባት፣ አበልጄ ነው። የእሱ ቤት ከተጎተተበት ደቦ ወዲህ አንነጋገርም። በዚያን ቀን የፊተኛውን ግንድ አይቼ የበሰበሰ ነው፣ ይሰበራል አልኩ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። መንገድ መሃል ተሰበረ። ኤራስሞ፣ የሰበረው የቤሊሳሪዮ አፍ ነው አለ። አፍ ግንድ አይሰብርም። ግንዱ የበሰበሰ ነበር።

ይህንኑ ለዶራሊሳ ስደግምላት «ትክክል መሆን በሬ አይሆንም፣ ቤሊሳሪዮ» አለችኝ።

ስለዚህ ለሬዲዮው መልእክት ላክሁ፦ ቤሊሳሪዮ ካርካሞ የፊታችን ቅዳሜ ቤቱን ያስጎትታል፤ በሬ ያለው ይምጣ። አጭርና ግልጽ።

ዶራሊሳ፣ ሰው በሬዲዮ አይለመንም አለች። አልለመንኩም፣ አስታወቅሁ አልኳት።

ማርች 22፣ ቅዳሜ

ነፋስ ከደቡብ። ቤት ለመጎተት የተሠራ ቀን።

በሮቹንና መስኮቶቹን ነቅዬ፣ ምድጃውን አውጥቼ ጠበቅሁ። ማንም አልመጣም።

ዶኛ ኡርሱላ ብቻ መጣች። መበለት ናት፣ ሬዲዮ የላትም፤ ጭሱን አይታ ነው የመጣችው። «ማን ሞተ?» አለች።

ዶራሊሳ ለደሴቱ ሁሉ የሚበቃ ድንች ፍቃ የድንች ቂጣ ጋግራ ነበር። ጣቷን በመፋቂያው ቆርጣለች። አላሳየችኝም፤ ጨርቁን አየሁት። ከዶኛ ኡርሱላ ጋር ተቀምጠን በላን፣ ሦስት አረጋውያን፣ መስኮት በሌለው ቤት። ዶራሊሳ ቂጣው ጥሩ ወጥቷል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ጨው ያንሰዋል የሚለው ምላሴ ላይ ነበር። ጥሩ ነው አልኳት።

ማርች 23

ሰሜን። ዝናብ። መስኮቶቹን መለስኩ። ምንም።

ማርች 26

ሰሜን። ሙላቱ ከፍተኛ። ከገደሉ ሌላ ቁራጭ ወርዷል። የአጥሩ አንድ ምሰሶ ደግሞ።

ማርች 27

ነፋስ አልመዘገብኩም።

ከጀልባው ስመለስ ቤቱ ባዶ ነበር። ምድጃው ላይ ውሃው ይፈላል። ጠራኋት። መጋዘኑ፣ የዶሮው ቤት፣ የውሃው ጉድጓድ። የለችም። ጥሩ ካፖርቷ ከምስማሩ ላይ የለም።

አጥሩ ጋ አገኘኋት። ወደ ኤራስሞ ቤት የሚወስደው መንገድ ድሮ ያንን አጥር ተከትሎ ነበር የሚሄደው፤ ሽቦውን በእጇ ይዛ ነው የተጓዘችው። ሽቦው አየር ላይ እስከሚንጠለጠልበት። እዚያ ቆማለች፣ ከጫማዋ ፊት ለፊት መሬት የለም፣ ሁለት እጇ ሽቦው ላይ። አልተንቀሳቀሰችም። ሽቦው ሲላላባት ቆማለች፤ ብልኅ ሴት ናት።

ከኋላዋ ሄጄ ወገቧን ያዝኩ። ስሮጥ ሰምታ እንዳትደነግጥ ቀስ ብዬ ነው የሄድኩት፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀስ ብዬ ሄጄ አላውቅም።

«ምን ታደርጊያለሽ እዚህ?»

«ባሕሩን አያለሁ።»

«ጥሩ ካፖርትሽን ለብሰሽ?»

«ኤራስሞን ልለምነው ነበር። አንተ ትክክል ስለሆንክ መሄድ አትችልም፤ እኔ ግን ምንም አይደለሁም፣ እችላለሁ።»

እጇን ይዤ መለስኳት። እጇ ከሽቦው ዝገት ቀይ ሆኖ ነበር። አጠብኩላት።

ማርች 28

ነፋስ ከምዕራብ፣ ብርቱ።

ሄድኩ። ይህን እጽፋለሁ፣ ምክንያቱም ካልጻፍኩት ነገ ሌላ ሰው የሄደ ይመስለኛል።

ኤራስሞ ራሱ ከፈተ። አየኝ፤ ከዚያ ከራሴ በላይ ወደ ሰማይ አየ።

«ማነው የመጣው? ሬዲዮው ነው እንዴ?»

ከውስጥ ልጆቹ ሲስቁ ሰማሁ። ሚስቱ ዶኛ ክሎሪንዳ ግን ወንበር ሳበችልኝ። እንግዳ ለምን መጣህ ተብሎ አይጠየቅም። ማቴ ጠጣሁ፣ ዳቦ በላሁ። ስለ ድንች በሽታ ተነጋገርን፣ ማለት እነሱ ተነጋገሩ። ከዚያ ተነሣሁ፤ ባርኔጣዬን ያዝኩ።

«ዶን ኤራስሞ፣ ቤቴን ለመጎተት እርስዎንና በሬዎችዎን ልለምን መጥቻለሁ።»

«ግንዶቹን መርምረዋል? የበሰበሰ እንዳይኖር።»

«መርምሬአለሁ።»

«የእኔንም መርምረው ነበር።»

«ትክክልም ነበርኩ።» ከአፌ አመለጠ። ክሎሪንዳ አፏን በእጇ ያዘች።

ኤራስሞ ግን ራሱን ነቀነቀ። «ነበሩ። ክረምቱን ሙሉ መንገድ መሃል በቆመ ቤት ውስጥ ተኝቼ ትክክል መሆንዎን ሳስብ ነበር። አላፊ አግዳሚው ሁሉ በመስኮት አንገቱን እያስገባ ምን ተበላ ይለኛል።» ልጆቹ እንደገና ሳቁ፤ እኔም መሳቅ ቃጣኝ፣ አልሳቅሁም። «ለምን ነጩ ቤት አይገቡም? መብራት አለው ይባላል።»

ምክንያቱን ነገርኩት። በአጭሩ። እዚህ አልጽፈውም።

ማቴውን አስቀመጠ።

«ዶራሊሳ?» አለ። «የእኛ ዶራሊሳ?»

ኤራስሞ እጆቹን አየ። ከዚያ በድሮ ድምፁ ጠየቀኝ፦

«ስንት ጥማድ ይበቃሃል፣ አበልጄ?»

ማርች 31

ደቡብ።

ሁሉንም በር አንኳኳሁ። በየቤቱ ካልበላህ አይሆንም ይላሉ፤ ሆዴን አሞኛል። ስሜ «ሬዲዮው» ሆኗል። አንዱ አንቴናህን የት ተውከው አለኝ፤ ሌላው ዛሬ ሙዚቃ የለም ወይ አለ። ባርኔጣዬን በእጄ ይዤ ስሰማ ዋልኩ። እሺ ያላለኝ የለም። የእንጨቷን ትንሽ ቤት ይዤ ስለነበር በየቤቱ ሩብ ዙሩን አሳየሁ፤ ሰው ሁሉ ነፋሱን በተመለከተ ልክ ነህ አለኝ።

ኤፕሪል 5፣ ቅዳሜ

ጠዋት ደቡብ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ሰሜን ዞረ።

እጄ ደክሟል፤ ግን እጽፋለሁ።

ከጭጋጉ ውስጥ በሬዎቹ ሲመጡ መጀመሪያ የተሰማው ሰንሰለቱ ነው። ዶራሊሳ ደፉ ላይ ቆማ ማን ማን እንደመጣ በድምፃቸው ትለይ ነበር፤ ሰላም ሳይሏት በስማቸው ትጠራቸዋለች። ቤቱን ከድንጋዮቹ አንሥተን ሁለቱ ሸርተቴ ግንዶች ላይ አሳረፍነው። ኤራስሞ ግንዶቹን አንድ በአንድ በመንጃ ዘንጉ መታቸውና ጆሮውን አስጠጋ። ሰው ሁሉ እኔን እያየ ነበር። ምንም አላልኩም።

ሴቶቹ ዶራሊሳን ወደ ኩራንቶው ጉድጓድ፣ የደቦው ምግብ በጋለ ድንጋይ ወደሚበስልበት ሊወስዷት ፈለጉ። አይሆንም አለች። «ቤቴ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ አለብኝ።» መዳፏን በኋላው ግድግዳ ላይ አደረገች።

ኤራስሞ ጮኸ፤ በሬዎቹ ተንበርክከው ሳቡ። ቤቱ እንደ ታመመ ሰው አቃሰተና ተነሣ። ሄደ። ቤቴ በሣር ላይ ሲሄድ አየሁ፤ ጭስ ማውጫው እየተወዛወዘ። ከኋላው ዶራሊሳ፣ እጇ ግድግዳው ላይ፣ እንደ ሙሽራ በዝግታ። ከእሷ ኋላ እኔ። ቀስ በሉ፣ ግራውን ያዙ፣ ሰንሰለቱ ላልቷል እያልኩ ስጮህ ነበር። ኤራስሞ ሳይዞር «ሬዲዮውን ቀንሱት» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ዶራሊሳ በጣም ሳቀች፤ ግድግዳው ላይ ተደገፈች።

አቀበቱ ላይ አንድ ሰንሰለት ተበጠሰ፤ ማንም አልተጎዳም። ሜዳው ላይ ስንደርስ ዝናብ ጀመረ፣ በሬዎቹ አረፋ ይደፍቃሉ። ቤቱ እንደነበረ፣ በሩ ወደ ሰሜን እንዳለ ቆመ። መዞሩ ቀረ።

«ነገ ጠዋት መጥቼ አዞርልሃለሁ፣» አለኝ ኤራስሞ፤ «ሩብ ዙር፣ እንደ አሻንጉሊትህ።»

ከመጋዘኑ ጣሪያ ሥር በላን፤ የዛጎሉ ሥጋ፣ ድንቹ፣ በጭስ የደረቀው ሥጋ። የፖም ጠጁ አለቀ። የመኝታ ክፍሉን መስኮት ብቻ መልሼ ገጠምኩ። የማድቤቱ ነገ ይደርሳል።

ኤፕሪል 6

ደቡብ። ጥርት ያለ።

ስነቃ አልጋው ላይ የለችም። ደነገጥኩ፤ አዲስ ቦታ ነው ብዬ። አዲስ ቦታ አይደለም፤ ያው ቤት ነው። ማድቤት ውስጥ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። የመስኮቱ ክፍት ወደ ምሥራቅ ነው፤ ፀሐይ ከተራሮቹ ላይ ወጥታ ያለ መስታወት ፊቷ ላይ አርፋለች። አገጯን ቀና አድርጋለች።

«ዛሬ ጠርቷል» አለች፣ እኔ ምንም ሳልናገር። «ተራሮቹ ይታያሉ፣ አይደል?»

ይታያሉ አልኳት። ይታዩ ነበር።

«የፀሐይዋን መውጫ ይዘው ነው ያመጡን። ቤቱን ሲያዞሩት ፀሐይዋ ከመስኮቱ ስለምትሄድ ነው፤ ትንሽ ልቀመጥ።»

ወጣሁ። ኤራስሞ ከበሬዎቹ ጋር አቀበቱን ሲወጣ አገኘሁት።

«መልሳቸው።»

«ምኑን?»

«በሬዎቹን። ቤቱ እንዳለ ይቆይ።»

«የሰሜኑ ነፋስስ?»

«ይመጣል።»

«ውሃ በበሩ ሥር ይገባል እያልክ ደሴቱን ሁሉ ስታስተምር አልነበር?»

«ይገባል።»

«እንግዲያው ተሳስተሃል።»

«አልተሳሳትኩም።»

ትከሻዬን አልፎ ወደ ቤቱ አየ። ከዚያ ሆኖ መስኮቱ ይታያል፤ እሷም ትታያለች። ባርኔጣውን አወለቀ፤ መልሶ አደረገ።

«ለሰው ምን ልበል?»

«በሬዎቹ ደክመዋል በል።»

«የእኔ በሬዎች?» ፊቱ ቀላ። ስለ በሬዎቹ እንዲህ ተብሎለት አያውቅም። አንዱን በሬ ግንባሩን አሻሸው፣ ረጅም ጊዜ። ከዚያ ዞሮ መንዳት ጀመረ።

«እሺ፣ አበልጄ» አለ እየወረደ። «ደክመዋል።»

ሜይ 11

ሰሜን። ከማለዳ ጀምሮ፣ የዓመቱ ብርቱ። ዝናቡ በአግድም ይመጣል። አሮጌው ቦታችን ዛሬ ግማሹ ባሕር ውስጥ ነው።

የማድቤቱ መስኮት ደረቅ ነው። ዶራሊሳ ምድጃው አጠገብ ሆና ሬዲዮ ትሰማለች። ኖልፋ በቅዳሜ ጀልባ እንደምትመጣ አስነግራለች፤ ጠብ አያስፈልግም የሚል አልተጨመረም።

«ቤሊሳሪዮ፣ ውሃ በበሩ ሥር ይገባል እንዴ?»

«አይገባም።»

«እንግዲያው የምትጨምቀው ምንድን ነው?»

«መሐረቤን ነው።»

«ትልቅ መሐረብ ነው» አለች፤ ሬዲዮውንም ከፍ አደረገችው፣ የውሃው ድምፅ እንዳይሰማት።

የነፋሱን አቅጣጫ በትክክል ገምቼ ነበር። ጨርቁን ጨምቄ መልሼ አነጠፍኩት።